የወፍ ቆጠራን የሚመለከት አቤቱታ

ወፍ ለማየት ገንዘብ ይከፈላል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር፣ በደጉ ዘመን፣ በሬ ወለደ ብዬ በሳቅሁበት ነበር። እኔ የማውቀው ለተመልካቹ ሲከፈል ነው። ሸዋሮቢት ቆላ፣ ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቼ፣ ወንጭፍ አሽከርክሬ፣ ቆርቆሮ ደብድቤ ግሪሳ ሳባርር ነው ያደግሁት። ግሪሳን የከተማ ሰው አያውቀውም፤ ሰማዩን አጥቁሮ መጥቶ፣ አገዳውን አጉብጦ፣ የዓመት ቀለብ በአንድ ጀምበር ጠርጎ የሚሄድ ትንሽዬ ወፍ ነው። ማታ አጎቴ ማሳውን ይዞራል፤ የተበላው ዛላ ጥቂት ከሆነ ራት አለ፣ ብዙ ከሆነ ኩርኩም አለ። ወፍ መመልከት ማለት ይኼ ነበር። ዝምታማ ጭራሽ ክልክል ነው፤ ዝም ያለ ጠባቂ ማሳ አስበላ ይባላል።

አሁን በስተርጅና፣ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ድርድር በሚጠይቅበት ዘመን፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ቀስቅሰው፣ ካኪ አልብሰው፣ ጫካ ውስጥ አቁመው «ጋሼ፣ እባክዎ አይሳሉ፤ ወፏ ትሰማለች» ሲሉኝ ምን ልበል? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

የነገሩ ሁሉ ጠንሳሽ አማቼ ነው። ሜሪላንድ ያደገ ደህና ልጅ ነው፤ ሰው ያከብራል፣ አይጠጣም፣ ዕዳ የለበትም። ይህን ሁሉ ጠባይ ያበላሸው ኮሮና ነው። ቤት ተዘግቶበት በመስኮት ሲያይ ሲያይ፣ ጓሮው የምትመላለስ አንዲት ቀይ ወፍ ለከፈችው። ከዚያ ወዲያ መነጽር ገዛ፤ መነጽሩ አልበቃ ብሎት በሦስት እግር የሚቆም ሌላ መነጽር ገዛ፤ መጽሐፍ ገዛ፤ ስልኩ ላይ ደግሞ ኢበርድ የሚባል፣ የዓለም የወፍ ሰው ሁሉ ያየውን የሚያስገባበት መዝገብ ከፈተ። ቁጥሩ ሲጨምር ፊቱ ይበራል፤ ሌላ ሰው ሲበልጠው ምግብ አይበላም። ልጄ ትታገሠዋለች፤ ከዚህ የባሰ ሱስ ያለበት ባል ሞልቷል ትላለች፤ ልክ ናት።

ይኼ ልጅ ነው እንግዲህ ቤቴ መጥቶ፣ ቡናዬን እየጠጣ፣ «ጋሼ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አለ፤ ሌላ አገር ፈጽሞ የማይገኙም አሉበት። እርስዎ ስንቱን አይተዋል?» ያለኝ። ሰባን ካለፍኩ ወዲህ እንዲህ ያለ የኦዲት ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም።

ኦዲት ያልኩት ለነገር ማሳመሪያ አይደለም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ሞዴል 19 ሳይቆረጥ አንዲት ሚስማር ገቢ አላደረግሁም፤ ሞዴል 22 ሳይፈረም አንዲት ሚስማር ወጪ አላደረግሁም። ሰኔ 30 ቆጠራ ሲመጣ ኮሚቴው ጎማውን በእጁ እየዳሰሰ፣ የቀለሙን ቆርቆሮ እያነቃነቀ ነበር የሚቆጥረው። ያላየውን ዕቃ «አለ» ብሎ የፈረመ ሰው፣ ደመወዙ ላይ ነው የፈረመው። ዛሬም የእድራችን ንብረት ክፍል እኔ ነኝ፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም በኔ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ልጁ «ባሌ ተራሮች ሄደን እንቆጥራለን» ሲል ልቤ ትንሽ ከዳኝ። ቆጠራ ከሆነ፣ እኔ የሌለሁበት ቆጠራ እንዴት ይሆናል?

ጠባችን የጀመረው በጋቢ ነው። ከመንገዳችን አስቀድሞ አስጎብኚው መመሪያ ላከ፤ ነጭ አይለበስ፣ ደማቅ ቀለም አይለበስ፣ አፈርማ ወይም ቅጠልማ ይሁን። ነጭ ነገር ወፉንም አውሬውንም ያስበረግጋል አለ። ለባሌ ብርድ ጋቢ ቤት ይቀመጥ! ይህን ጋቢ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ስቆም ርግቦች እግሬ ሥር ይለቅማሉ፤ አንዲትም ርግብ ደንግጣ አታውቅም። የባሌ ወፍ በምን ትበልጣለች? የሚሰማኝ ጠፋ። ኪስ በኪስ የሆነ የካኪ ጃኬት አመጡልኝ፤ ደረቱ ላይ ኪስ፣ ክንዱ ላይ ኪስ፣ ጀርባው ላይ ሳይቀር ኪስ። ጀርባ ላይ ያለ ኪስ ውስጥ ማን ነው የሚገባው? ሌባ ካልሆነ በቀር። ለማንኛውም ጋቢዬን ደርቤ ከውስጥ ለበስኩና ካኪውን በላዩ ቆለፍኩት። ልጄ አየችኝ፤ ምንም አላለችም።

የመንገዱን ነገር አላበዛም። ዝዋይ ላይ ወረድን፤ ዓሣ የሚበልቱት ሰዎች አጠገብ አባ ኮዳ ተሰልፎ ቆሟል። መላጣ ራስ፣ የተንጠለጠለ ከረጢት አንገቱ ላይ፣ ክንፍ ወደ ኋላ ተጣምሮ፤ ከባለሥልጣን ቢሮ በር ላይ ደጅ ጥናት የለመደ ሰው አቋቋም ነው ያለው። አንጀት ሲወረወርለት ብቻ ነው ክብሩን የሚረሳው። እሱን ወደድኩት። ከዚያ ሻሸመኔ፣ ዶዶላ፣ አዳባ እያልን ወጥተን ዲንሾ ገባን።

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ነው። ፓርኩ ከተቋቋመ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። አስጎብኚያችን እዚያው የተወለደ፣ ልጅ ሆኖ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ወጣት ነው። መነጽር አንገቱ ላይ አለ፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠቀምበትም። እኛ ቅጠል ስናይ እሱ ወፍ ያያል። በእውነቱ ለዚህ ልጅ ምንም ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በደንቡ ላይ ነው።

ደንብ አንድ፤ አይወራም። ደንብ ሁለት፤ ፈጥኖ አይኬድም። ሁለተኛውን ጉልበቴ ከኔ በፊት ተቀብሎታል። ሦስተኛው ደንብ ግን በጉዞው ላይ የወጣ ነው፤ ባለቤቴ ለመንገድ ብላ የቋጠረችልኝን ቆሎ መቆርጠም ተከለከለ። ድምፅ አለው አሉ! ቆሎ ያለ ድምፅ እንዴት ይበላል? በምላሴ እያሟሟሁ ዋጥኩት። በካርቶን ያደሉን ቁርስ ውስጥ ደግሞ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ተቀምጧል። ቀኑ ዓርብ ነው! ዳቦና ሙዝ ይዤ ጽድ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ።

የደጋ አጋዘን ያየነው እዚያው ነው። ያምራል፤ መካድ ኃጢአት ነው። ወንዱ ቀንዱን ጠምዝዞ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ጉብጉብ ጌጥ አድርጎ፣ ከኮሶው ሥር ቆሞ አየን። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የለም። አስጎብኚው ታሪኩን በሹክሹክታ ነገረን፤ የአውሮፓ ሳይንስ ይህን እንስሳ ያወቀው አንድ የእንግሊዝ ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1908 ተኩሶ ከገደለው በኋላ ነው፤ ስሙም የወጣለት በ1910 ነው። ልብ በሉ እንግዲህ፤ መጀመሪያ ወጪ ተደረገ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ገቢ ተደረገ። ሞዴል 22 ከሞዴል 19 ቀደመ! በኛ መሥሪያ ቤት ቢሆን የሰውየው ጡረታ ይታገድ ነበር።

ያስገረመኝ ሌላው ነገር ፊቱን ማወቄ ነው። የት አውቀዋለሁ፣ የት አውቀዋለሁ ስል፣ ለካ የአሥር ሳንቲሙ ነው። ስንት ዘመን ኪሴ ውስጥ ያቃጭል የነበረውን ሰውዬ አሁን አማቼ በዶላር ከፍሎ ያሳየኛል። ይህንኑ ልነግረው አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። የእድራችን ጸሐፊ ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው አርፏል፤ የድንኳኑ ግምጃ ቤት ቁልፍ የት ነው ይላል። «ከባለቤቴ ዘንድ ነው!» አልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ «ከባለቤቴ! ከባ-ለ-ቤ-ቴ!» ብዬ ደገምኩለት። አጋዘኑ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዞሮም ሄደ። አማቼና ልጄ ያዩኝ አስተያየት አጋዘኑ ካየኝ የባሰ ነበር። ሰው ሞቷል እኮ! ድንኳን ሳይተከል ይደር? አጋዘኑም ቢሆን የሄደው በራሱ ጉዳይ ነው፤ ቸኩሎ አልሄደም፤ ረጋ ብሎ ነው የሄደው።

ቀጥሎ ጉጉት ልናይ ሄድን። በገንዘባችን! እናቴ ብትሰማ መቃብሯ ውስጥ ትገላበጣለች። እኛ ቤት ጉጉት ከጮኸ እሳት ተቆስቁሶ፣ «ያንተው ራስ ላይ!» ተብሎ ነው የሚባረረው። አስጎብኚው ግን የምትተኛበትን ዛፍ፣ ዛፉም ላይ የምትተኛበትን ቅርንጫፍ ያውቃል። ወስዶ አቆመን። ግንድ ነው የማየው፤ ግንዱ ዓይኑን ገለጠ። ብርቱካንማ ዓይን፣ በላዩ ሁለት የቆሙ ጆሮ መሳይ ላባዎች። አየችኝ፤ በስሜ ጠርታ የምትፈልገኝ መሰለኝ። አማተብኩ። አማቼ ሲደሰት እጁ ተንቀጠቀጠ።

ያ ሁሉ ደስታ እንግዲህ ማታ ወደ ሂሳብ ይለወጣል። ከራት በፊት ሰብሰብ ብለን አስጎብኚው ስም ያነባል፣ አማቼ «አዎ» ይላል፣ ስልኩ ላይ ይገባል። እኔም ጠረጴዛው ጫፍ ላይ መነጽሬን አድርጌ፣ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ተቀመጥኩ። እስከ አንድ ቦታ ድረስ በሥርዓት ሄደ። ኋላ አስጎብኚው የአንዲት ወፍ ስም ጠራ፤ አመድማ ናት፣ የቆላ አይደለችም፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም፣ ጠዋት ቁጥቋጦ ውስጥ ሆና ስትዘፍን ነበር።

«አዎ» አለ አማቼ።

«ቆይ» አልኩ፣ «አይተሃታል?»

«ሰምተናታል፣ ጋሼ። ሰምተን ከሆነ ይያዛል።»

«ማን ይይዘዋል?»

«ደንቡ ይፈቅዳል።»

ልጄ እግሬን በእግሯ ነካች። አልተውኩም። ጎማ ከግምጃ ቤቱ ግድግዳ በስተጀርባ ሲንከባለል ሰማሁ ብዬ አንድ ጎማ ገቢ ላድርግ? ድስት ሲንኳኳ ሰማሁ ብዬ ለእድሩ ጉባኤ ድስቱ አለ ልበል? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው! ደግሞ የሰማነውስ ወፏን መሆኑን በምን አወቅን? ያን ዕለት ጠዋት ራሱ አማቼ ስልኩን አውጥቶ የወፍ ድምፅ ሲያጫውት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወፏ የራሷ ክልል አላት፤ የባላንጣ ድምፅ ስትሰማ መሬቴን ሊወስድ የመጣ አለ ብላ ትወጣለች፤ ያኔ ታያታለህ። በሐሰት ክስ መጥሪያ ልኮ ሰውን ከቤቱ ማስወጣት ነው። አስጎብኚው እንኳ ይህ ነገር ሲበዛ ወፏን ያደክማታል፣ ጎጆዋን ያስረሳታል ብሎ ቶሎ አስቆመው። ታዲያ ስልኩ ከጮኸ በኋላ ከቁጥቋጦው የመጣው ድምፅ የማን ነው? መዝገቡ ላይ የስልኩ ይሁን የወፏ አልተገለጸም። በዓምድ «አስተያየት» ውስጥ ይጻፍልኝ አልኩ። አልተጻፈም።

የባሰም አለ። ጋይሳይ የሚባለው መስክ ላይ፣ ከርከሮውና ድኩላው፣ የሰው ከብትም ሳይቀር በአንድነት በሚግጥበት ቦታ፣ አማቼ በድንገት ክንዴን ይዞ አስቆመኝ። ምንቃሩ ቁልቁል የተቆለመመ፣ ጉሮሮው ላይ ቆዳ የተንጠለጠለበት፣ ጠቆር ያለ ወፍ ነው። «ጋሼ! ይኼ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የለም!» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔ ይህን ወፍ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ፣ ቤቴ ቆርቆሮ ላይ በየጠዋቱ ከነቤተሰቡ እያንቋረረ የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው! ዘመድ አዝማድ ጠርቶ ከጎረቤት ጣሪያ ጋር ይጨቃጨቃል። ይህን ለማየት ነው አራት መቶ ኪሎ ሜትር የመጣነው? አልጋዬ ላይ ተኝቼ በነጻ፣ ጋቢዬን ለብሼ ማየት እችል ነበር። አፈ ወፍራሙ ቁራም እንዲሁ፤ የቄራ ሰፈር ነዋሪ ነው፣ እዚህ ግን በቴሌስኮፕ ይታያል።

ራት ላይ ግን የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ቂሙ የጀመረው እዚያ ነው። አስጎብኚው ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሻይ እየጠጣ የወፎቹን ታሪክ ያወራል። ሩስፖሊ የሚባል የጣሊያን ልዑል ነበር አለ፤ ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲዞር እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ነገሮች መካከል ቀይና አረንጓዴ የሆነች አንዲት ቆንጆ ወፍ ተገኘች። ሳይንቲስቶቹ አዲስ ናት ብለው በ1896 በስሙ ሰየሟት። ከየት እንዳመጣት ግን የጻፈው ነገር የለም፤ የሚጠየቀው ሰው ደግሞ በዝሆን ተረግጧል። እስከ 1940ዎቹ ድረስ በሕይወት ያያት ተመራማሪ አልነበረም። ይኼ ማለት ያለ ማስረከቢያ ሰነድ፣ ያለ ምንጭ፣ ገቢ የተደረገ ንብረት ማለት ነው። እሺ፣ ሰውየው ሞቷል፤ ለሟች ይቅርታ አለ። ዛሬ ነገሌ ቦረና አካባቢ ትታያለች ይላሉ፤ ስለዚህ ጉድለቱ ተስተካክሏል።

ቀጥሎ ያመጣው ነው ያንገበገበኝ። እ.ኤ.አ. በ1990 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ፣ መንገድ ላይ መኪና የጨፈለቃት ወፍ አገኙ። ሌሊት ከሚበሩት፣ ነፍሳት ከሚለቅሙት ናት። ወፏ ተበላሽታለች፤ የተረፈው አንድ ክንፍ ነው። ክንፉን ይዘው ሄዱ፤ በሙዚየም ካሉት ክንፎች ሁሉ ጋር አስተያዩት፤ አልገጠመም። በ1995 አዲስ ዝርያ ብለው መዘገቡት። በአንድ ክንፍ!

«አንድ ክንፍ?» አልኩ።

«አንድ ክንፍ፣ አባባ።»

«ሌላውስ?»

«አልተገኘም።»

እኔ በሥራ ዘመኔ የመኪና በር ይዞ መጥቶ መኪና ገቢ አድርግልኝ ያለኝ ሰው አጋጥሞኛል፤ መለስኩት። እነዚህ ሰዎች ግን ክንፍ ይዘው ሙሉ ወፍ ገቢ አደረጉ፤ ራስ የላት፣ እግር የላት፣ ጭራ የላት፣ መዝገብ ላይ ግን አለች። በ2009 ፓርኩ ውስጥ አየናት ያሉ የወፍ ሰዎች ተነስተዋል አሉ። አየን ማለት ጥሩ ነው፤ ይዘውስ መጥተዋል? አልያዟትም። አማቼ ይህን ሁሉ ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ፤ የክንፏ ነገር ከጉጉቷም ከአጋዘኑም በለጠበት። እዚያው ገበታ ላይ «ለከርሞ ነጭ ሣር!» ሲል ሰማሁት።

በማግስቱ ሳኔቲ ወጣን። ሳኔቲ ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፉ 4,377 ሜትር ይደርሳል፤ ብርዱን በሜትር መለካት አይቻልም። ሾፌራችን ትኩስ ሻይ ከጎባ ሊያመጣ ተልኮ የቁራ መልእክተኛ ሆነ። መኪናችን የለም፣ ሻይ የለም፣ ዛፍ የለም፤ ያለው ጉም፣ ድንጋይና ጅብራ ብቻ ነው። ጅብራውም ዘለግ ብሎ፣ ብቻ ብቻውን ቆሞ፣ ከሩቅ ሰው ይመስላል። ያን ዕለት ጋቢዬ ካኪ ሥር ሆኖ ነፍሴን አተረፋት፤ ማንም ግን አላመሰገነውም።

እዚያ የሚፈለገው ቀይ ቀበሮ ነው። የሱ መዝገብ ግን፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ በትክክል የተያዘ መዝገብ ነው። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎቹ ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። የውሻ እብደት በሽታ ከመንደር ውሾች እየተላለፈ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008፣ በ2014 ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ሰዎቹ እያንዳንዱን መንጋ ያውቃሉ፤ ስንት ወለደ፣ ስንት ሞተ፣ የት ሄደ ብለው ይከታተላሉ። የመንደሩን ውሾች ይከትባሉ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው በአፍ የሚወሰድ ክትባት ይሰጣል፤ ክትባቱ ሥጋ ውስጥ ይደበቅና በሌሊት፣ በፈረስ ተጉዘው ያስቀምጡላቸዋል። ምን ሥጋ ነው ብዬ ጠየቅሁ። የፍየል ሥጋ ነው አለኝ። ልብ በሉ፤ ለቀበሮ የፍየል ሥጋ በፈረስ እየተጋለበ ቤቱ ድረስ ይሄድለታል፤ ለኔ ሙዝ!

ግን ቆጠራ እንዲህ ነው። በየአንዳንዱ ላይ ዓይን አርፎበት፣ የጎደለው በምክንያቱ ተጽፎ። አስጎብኚውን ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት፤ ለምን እንደሆነ አልገባውም።

ቴሌስኮፑ ተተክሎ ሁሉም በየተራ ባዶ ሜዳ ሲያይ፣ እኔ የዕድሜም የስኳርም ነገር ነውና መገለል አስፈለገኝ። ሳኔቲ ላይ መገለል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል። አንዱን ጅብራ መርጬ ከኋላው ቆምኩ። ጉዳዬን ጨርሼ ካኪዬን ስቆልፍ፣ ከፊቴ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ አፈሩ ተነቃነቀ። ከጉድጓድ አንድ ራስ ወጣ። ትልቁ ፍልፈል ነው፤ እሱም ከባሌ በቀር የትም የለም። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ተተክለዋል፣ ጥርሶቹ ቢጫ መጥረቢያ ናቸው። ገላውን ሳያወጣ በዙሪያው ያለውን ሣር በአፉ እያጨደ ይጎትታል፤ ጎትቶ ወደ ኋላው ይገባል፤ ደግሞ ብቅ ይላል። ቡናማ ትንሽ ወፍ አጠገቡ ቆማ ከተቆፈረው አፈር ትል ትለቅማለች። ሁለቱ የተስማሙ ጎረቤት ናቸው።

ወፏ ጮኸችና ተነሳች። ፍልፈሉ ገባ። ያኔ ነው ቀበሮውን ያየሁት። ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ። ቀይ ነው፤ ደረቱና እግሮቹ ነጭ፣ ጭራው ከሥሩ ነጭ ሆኖ ጫፉ ጥቁር። እግሩ ቀጭን፣ አፈሙዙ ረጅም። ጉድጓዱ አፍ ላይ መጥቶ ቆመ። አልተነፈሰም። እኔም አልተነፈስኩም። ጆሮውን ወደ መሬት ዘንበል አደረገ፤ አንዱን የፊት እግሩን አንስቶ እንዳነሳ ቀረ። ብዙ ቆየ፤ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ዘለለ፤ አፈር ወዲህና ወዲያ ተበተነ፤ ራሱ እስከ ትከሻው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ፍልፈሉ ጥርሱ መካከል ይወራጭ ነበር። ድመት የሚያህል ፍልፈል! ሁለት ጊዜ አራገፈው፤ ዝም አለ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ካኪዬን አየ፤ ከካኪው ሥር የወጣችውን የጋቢዬን ነጭ ጫፍ አየ። አልደነገጠም። ምሳውን ይዞ፣ እየሰገረ፣ ጉም ውስጥ ገባ። ነጭ ያስደነግጣል ላሉት ሁሉ ይድረስ።

ተመልሼ ስነግራቸው አማቼ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት? የመንደር ውሻ ይሆን?»

ያየሁትን፣ ቆሜ ያየሁትን!

«ፎቶ አንስተዋል?»

የኔ ስልክ የምታነሳው የሰው ጥሪ ነው። አስጎብኚው ግን ሥራ የሚያውቅ ልጅ ነው። አልሳቀም። «አባባ፣ ጭራው እንዴት ነበር? እግሩስ? በምን አኳኋን ያዘው?» ብሎ በተራ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። ከዚያ እስከ ጅብራው ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የተቆፈረውን አፈር፣ የደሙን ጠብታ፣ የእግሩን ዱካ አየ። (ሌላውንም ዱካ አይቷል፤ ጨዋ ነው፣ አላነሳውም።) ተመልሶ «አባባ አይተዋል» አለ። ትክክለኛ ቆጣሪ ኮሚቴ ማለት ይኼ ነው፤ ቃል ሰማ፣ ሥፍራ ተመለከተ፣ ወሰነ።

እነሱም ቆይተው አንድ ቀበሮ አዩ። በቴሌስኮፕ፣ ከወዲያኛው ኮረብታ ጎን ላይ፣ ተጠቅልሎ የተኛ ቀይ ነጥብ። በየተራ አዩት፣ ተቃቀፉ። እኔንም አሳዩኝ። ጡብ ሊሆን ይችላል፤ ምንም አላልኩም።

ማታ እንደ ልማዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰብን። በዚህኛው ምሽት ቸኩዬ ነው የተቀመጥኩት። ወፉ ሁሉ ተጠራ፤ ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ ገባች፣ ሳኔቲ ረግረግ ዳር የምትንጎራደደው ቡናማዋ ገባች፣ በጉም ውስጥ «የሰማናት» ሌላዋም ገባች። ጠበቅሁ። አማቼ ስልኩን አጠፋው።

«ቀበሮዬስ?» አልኩ።

«ኢበርድ ወፍ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ጋሼ። ለቀበሮ ቦታ የለውም።»

ዓምድ የለውም! ያልታየች ወፍ ገብታ፣ በአሥር እርምጃ የታየ፣ ከነምሳው የታየ፣ ምስክር የተሰማበት ቀበሮ ዓምድ አጥቶ ውጭ አደረ። ልጄ ሳቀች፤ ሳቋ እናቷን ነው። እስክሪብቶዬን አንስቼ፣ የቁርሱን ካርቶን ክዳን ገነጠልኩና ጻፍኩ፤ ቀይ ቀበሮ፣ ብዛት አንድ፣ ሁኔታ በሥራ ላይ ያለ። ትልቅ ፍልፈል፣ ብዛት አንድ፣ ወጪ ሆኗል። አስጎብኚውን አስፈረምኩ፣ እኔም ፈረምኩ። አማቼ እንደ ታዛቢ እንዲፈርም ብሰጠው ፎቶ አነሳው እንጂ አልፈረመም።

ካርቶኑ አሁን ከእድሩ መዝገብ ጋር ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ጣሪያዬ ላይ ያሉት ባለ ረጅም ምንቃሮች ጠዋት ጠዋት ያንቋርራሉ፤ አማቼ ከሜሪላንድ እየደወለ ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጉልኝ ይለኛል፤ ሰምቶ ሊያስመዘግብ! እምቢ ብያለሁ። ያየ ይምጣና ይቁጠር። የነጭ ሣሩን ነገር ግን አልተወውም። በየሳምንቱ በቴሌግራም ካርታ ይልካል፤ በሌሊት በመኪና መብራት እንፈልጋታለን፣ እርስዎ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ጋቢም ተፈቅዷል ይላል። ለልጄ መልሴን ነግሬያታለሁ፤ ሁለተኛው ክንፍ ሲገኝ ይደወልልኝ፤ ሞዴል 19 ይዤ እመጣለሁ።